እንግሊዝኛ ልታስተምር የመጣች ጎረቤቴ

አንበሳሜ ባለው የወጣቶች ኅብረታችን ከጥናት በኋላ ሻይ እየጠጣን የሚነሡት ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ ከጥናቱ ይልቅ ይከብዱኛል። ባለፈው ሰሞን አንዲት እኅት «ጋሼ፣ ኮሪያ ሄዶ እንግሊዝኛ ማስተማር ይቻላል ወይ?» አለችኝ። የኮሪያ ድራማ ስላየች ብቻ አይደለም የጠየቀችው። እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነው፣ ዲግሪዋንም ልትይዝ ጥቂት ቀርቷታል። ያን ዕለት የሰጠኋት መልስ አጭር ነበር። ጥያቄው የእሷ ብቻ እንዳልሆነ ስለማውቅ እዚህ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

ከሕጉ ልጀምር። ደቡብ ኮሪያ ለውጭ አገር የቋንቋ መምህራን የምትሰጠው ቪዛ «ኢ-2» ይባላል። እንግሊዝኛ ለማስተማር ይህን ቪዛ የሚያገኙት በመሠረቱ የሰባት አገሮች ዜጎች ናቸው፦ የአሜሪካ፣ የብሪታንያ፣ የካናዳ፣ የአየርላንድ፣ የአውስትራሊያ፣ የኒውዚላንድና የደቡብ አፍሪካ። የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠየቃል፣ ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃም ይጠየቃል። ከሁሉ በፊት የሚታየው ግን ፓስፖርቱ ነው። እንግሊዝኛን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ ናይጄሪያዊም ቢሆን ከዝርዝሩ ውጭ ነው።

ይህን መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት ሲከነክነኝ ዋለ። በ1951 እ.ኤ.አ. የቃኘው ሻለቃ ከጅቡቲ በመርከብ ተነሥቶ ቡሳን ሲደርስ ፓስፖርት የጠየቀው አልነበረም። በየተራ ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ወታደሮች ወደዚያ ዘምተዋል፣ ከ120 በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸውን ሰጥተዋል፣ በጠላት እጅ የተማረከ ግን አንድም አልነበረም። ኮሪያውያኑም አልረሱትም። ቹንቾን በምትባለው ከተማ የመታሰቢያ ሐውልታቸው አለ፤ አጠገቡም ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቡና የሚጠጣበት «የኢትዮጵያ ቤት» አለ። እንግዲህ ለመሞት የበቃን ሕዝቦች ፊደል ለማስቆጠር አልበቃንም ማለት ነው። ያም ሆኖ ሕግ ሕግ ነው፤ በዚህ ቂም የሚይዝ ወጣት ጊዜውን ያባክናል። ኮሪያ መግባት ለሚፈልግ የተከፈተ ሌላ በር አለ፤ የኮሪያ መንግሥት ለውጭ አገር ተማሪዎች የሚሰጠው ስኮላርሺፕ ለኢትዮጵያውያንም ይደርሳል። «ቶፒክ» የሚባለውን የኮሪያኛ ፈተና ማለፍም ይጠቅማል። ለዚያች እኅት የነገርኳት ይህንኑ ነበር።

በዚሁ ስኮላርሺፕ ሴኡል የተማረ ወዳጅ አለኝ። የውጭ አገር መምህራኑን በቅርብ አይቷቸዋል። መንግሥት በ1995 እ.ኤ.አ. በጀመረው ፕሮግራም ወደ ሕዝብ ትምህርት ቤት የሚመደቡት ጠዋት ገብተው ከሰዓት በኋላ ይወጣሉ፤ ክፍል ውስጥም አንድ ኮሪያዊ መምህር አብሯቸው ይቆማል። «ሀግዎን» በሚባሉት የግል ማስጠኛ ቤቶች የሚቀጠሩት ደግሞ ሥራቸው የሚጀምረው ልጆቹ ከመደበኛው ትምህርት ሲወጡ ነው፤ እስከ ማታ ያስተምራሉ። ውሉ ብዙውን ጊዜ የአንድ ዓመት ነው፣ ቤትም ይሰጣቸዋል። ገና ሲተዋወቋቸው «ዕድሜሽ ስንት ነው?» ይባላሉ፤ ፈረንጆቹም ይደነግጣሉ። እኛ ግን አንደነግጥም፤ ቋንቋቸው እንደኛው አንተና አንቱ ያለበት ነውና ዕድሜን ሳያውቁ አፍ መክፈት ይቸግራቸዋል። መምህርን «ሶንሴንግኒም» ይሉታል፤ መጨረሻ ላይ ያለችው «ኒም» የአክብሮት ናት። ወዳጄ እንደሚለው ደመወዙ ጥሩ ነው፣ ብቸኝነቱም የዚያኑ ያህል ነው። ማታ ማታ ብቻውን ኑድል የሚበላ መምህር በየሱቁ መስኮት ይታያል።

ይህ ከወዳጄ የሰማሁት ነው። እኔ በዓይኔ ያየሁት የእንግዳ መምህር ኑሮ ግን ሌላ ነው፤ ከቤቴ አጥር ማዶ ነበር።

የእኔ ዘመን ሰዎች የመጀመሪያው የውጭ አገር መምህራችን ሰው አልነበረም፣ ፕላዝማ ነበር። በ1997 ዓ.ም. 9ኛ ክፍል ስንገባ ከግድግዳው ላይ በብረት ሳጥን የተቆለፈ ትልቅ ቴሌቪዥን ጠበቀን። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፤ የሚያስተምሩን በደቡብ አፍሪካ የተቀረጹ መምህራን ናቸው። ደስ የሚሉ ሰዎች ነበሩ፣ ችግሩ ግን አይሰሙም። ጥያቄ ይጠይቁና ሰዓት ያሳያሉ፤ ሰዓቱ ሲያልቅ «በጣም ጥሩ!» ብለው ያመሰግኑናል። ማን እንደ መለሰላቸው አላውቅም፤ እኛ እኮ ጥያቄውን ገና እየጻፍን ነበር። መብራት ሲጠፋ ደግሞ መምህሩም አብሮ ይጠፋል። ከዚያ ወዲህ ለእኔ መምህር ማለት መጀመሪያ የሚሰማ ሰው ነው።

ኮሌጅ ጨርሼ ወረታ አካባቢ ማስተማር በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት፣ ከተከራየሁበት ግቢ አጠገብ አንዲት አሜሪካዊት ገባች። በሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኝነት እንግሊዝኛ ልታስተምር ነው የመጣችው። ስሟን እዚህ አላነሣም። ሦስት ወር አማርኛ ተምራ ሁለት ዓመት ልትሠራ ነበር። የሚሰጣት በብር ነው፤ እኛ አገር አንድ መምህር የሚኖርበትን ያህል ብቻ። ይህን ግን ማን ያምናል? ገበያ ስትወጣ የሽንኩርቱ ዋጋ ዓይኗን አይቶ ይጨምራል። በመጨረሻ አከራይዋ እማማ ዘንቢሏን እየተቀበሏት እሳቸው መውጣት ጀመሩ፤ «አንቺ ልጄ፣ ቀይ ፊትሽ ኪሳችንን ጨረሰው» ይሏት ነበር።

ቤቷ አንድ ክፍል የጭቃ ቤት ነበር፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያለው። ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ቢመጣ ነው፤ እሷም እንደ ሰው ቢጫ ጀሪካን ይዛ ቦኖ ትሰለፋለች። ፎገራ በክረምት ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ፦ ጉማራና ርብ ሞልተው ሜዳው ሐይቅ ይሆናል፣ መረሬው ጫማ አውልቆ ያስቀራል፣ ማታ ደግሞ የወባ ትንኝ አለ። ከአገሯ ያመጣችው ውድ ጫማ በመጀመሪያው ሐምሌ ተሰነጠቀ፤ ከዚያ በኋላ ኮንጎ ጫማ አድርጋ ትምህርት ቤት መምጣት ያዘች። ተማሪዎቹ ሳቁ። እናቶች ግን ያን ቀን ወደዷት መሰለኝ።

ሰዓታችንም አስቸግሯት ነበር። «ነገ በሁለት ሰዓት ነይ» ስትባል በልቧ ስድስት ሰዓት መጨመር አለባት። ዓመታችንም አሥራ ሦስት ወር ነው። ረቡዕና ዓርብ ምግብ ቤት ገብታ እንቁላል ስታዝዝ አስተናጋጁ በሐዘኔታ ያያታል። ሩዝ ደግሞ በቤቷ የምታውቀው በሳሕን ነው፤ እዚህ ግን ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ሆኖ ቀረበላት። «ይሄ ሩዝ ነው?» ብላ እንጀራውን ገልብጣ አየችው።

ስለ እንጀራው እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበላችሁ። እኛ ኮሪያ ሄደን ስለ ማስተማር እንጠይቃለን እንጂ ኮሪያውያን እዚህ መጥተው ማስተማራቸውን ብዙዎቻችን አናውቅም። በደርግ ዘመን ሩዝን በፎገራ ሜዳ ያስለመዱት የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ነበሩ። ለረጅም ጊዜ የአካባቢው ገበሬ የያዘው «ኤክስ-ጅግና» የሚባለው ዝርያ ስሙን የወሰደው ከእኛው ደራ፣ ከጅግና ነው። ክረምት ሲሞላ ባዶውን ይተኛ የነበረ መሬት ዛሬ ለአገር የሚተርፍ ሩዝ ያበቅላል፤ ወረታም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አላት። እነዚያ ባለሙያዎች ማታ ማታ ምን ይበሉ እንደ ነበር፣ ማን ቡና ጠርቷቸው እንደ ነበር የሚያስታውስ ሽማግሌ በየቀበሌው ፈልጉ፤ እኔ መጠየቅ ጀምሬያለሁ።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። ከሁሉ የከበዳት ውኃውም ጭቃውም አልነበረም፣ መንገዱ ነበር። ከቤቷ እስከ ትምህርት ቤቱ አሥራ አምስት ደቂቃ ያስኬዳል፤ በየመቶ ሜትሩ «ፈረንጅ! ፈረንጅ!»፣ «ዩ! ዩ!»፣ «መኒ!» ትባላለች። ልጆቹ ክፋት የላቸውም። ይሁን እንጂ ክፋት የሌለው ነገር በቀን ሠላሳ ጊዜ ሲደጋገም ምን እንደሚሆን አስቡት። ከመዘምራኑ አንዱ ወንድማችን ይህን አይቶ የሰፈሩን ልጆች ሰበሰበና «ስም አላት፣ በስሟ ጥሯት» ብሎ አስጠናቸው። ተሳካለት። ከማግስቱ ጀምሮ አርባ ልጅ ስሟን እየጮኸ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ይሸኛት ጀመር። «ከዩ ይሻላል» አለችኝ፣ «ድካሙ ግን ያው ነው።»

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ በእኛ አካባቢ ያላችሁ፣ በመንገድ ስታልፉ ሰው ዞር ብሎ ሲያያችሁ ምን እንደሚሰማ አትጠፉትም። ቁጥራችን ጥቂት ነው። የተወለድንበት ሰፈር ውስጥም አንዳንዴ እንግዳ ነን። ስለዚህ ስለ እሷ ስናገር ስለ ሩቅ ሰው የምናገር አይመስለኝም።

አሁን ወደ ክፍሏ እንግባ። ሰባ ሁለት ተማሪ፣ በአንድ ዴስክ ሦስት፣ ኋላ ያሉት በጡብ ላይ። የሚጽፉ እጆች ሞልተዋል፤ የሚናገር አፍ ግን የለም። እኔም ያንኑ ክፍል አስተምር ስለ ነበር አውቀዋለሁ። ልጁ መልሱን ያውቀዋል፣ ነገር ግን «ስኩል» ለማለት «እስኩል» ብሎ ቢሳቅበት ዓመቱን ሙሉ ቅጽል ስም ሆኖ ይቀርበታል። ስለዚህ ዝም ይላል። እኛ መምህራን ይህን ዝምታ ስንፍና እንለው ነበር፤ እሷ «ፍርሃት ነው» አለች።

እሷ ደግሞ የራሷ ችግር ነበራት፦ ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰ አይወጡላትም። «ቁልፍ» ስትል «ኩልፍ»፣ «ጠዋት» ስትል «ተዋት» ይሆንባታል። አንድ ቀን ክፍል ገብታ ሰሌዳው ላይ አምስት የአማርኛ ቃላት ጻፈች። «አምስት ደቂቃ እናንተ መምህር ናችሁ፣ እኔ ተማሪ ነኝ፤ አስተምሩኝ» አለች። የመጀመሪያው ቃል «ቆቅ» ነበር። ሞከረች። ሰባ ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። እሷም አብራ ሳቀችና እንደገና ሞከረች፣ እንደገናም ሳቁ። ከዚያ ከመጨረሻው ረድፍ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ድምፁን ሰምቼው የማላውቅ የጅግና ልጅ ተነሥቶ ምላሱ ከጉሮሮው በየት በኩል እንደሚያርፍ በጣቱ እያሳየ ያስረዳት ጀመር፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ። እንግሊዝኛው ስብርብር ያለ ነበር፣ የሳቀበት ግን የለም። አምስቱ ደቂቃ ካለቀ በኋላ «አሁን ተራዬ ነው» ብላ ወደ መጽሐፉ ገባች። ያን ቀን የተነሡትን እጆች ቆጥሬያቸዋለሁ፤ አሥራ አንድ ነበሩ። ለእናንተ ጥቂት ይመስል ይሆናል። ለእኔ ግን ከመስከረም ጀምሮ ከተነሡት ሁሉ ይበልጡ ነበር።

ይህን ዘዴ በየትኛውም የማስተማር ሥነ ዘዴ ኮርስ አልተማርኩትም። ብልሃቱም በቃላቱ ላይ አልነበረም። ሰዉ ሁሉ ሊቅ አድርጎ የሚያያት ሴት በፊታቸው ሕፃን መሆን አላሳፈራትም፤ ልጆቹ ያዩት ይህን ነው።

በሁለተኛው ዓመት፣ ጥር ላይ፣ አያቷ ሞቱ። ያሳደጓት እሳቸው ነበሩ። መርዶውን የሰማችው በስልክ፣ ሌሊት ነው። ጠዋት ትምህርት ቤት ስትቀር እማማ በሩን አንኳኩተው ገቡ፤ ከዚያ የሆነውን እኔ አጥሩን ተሻግሬ በዓይኔ አየሁት። እማማ መጀመሪያ «የአያትሽ ስም ማን ነው?» አሏት። ነገረቻቸው። ስሙን ሁለት ሦስት ጊዜ በአፋቸው አለማመዱት፣ አልሆነላቸውም፣ በሚችሉት መንገድ ያዙት። ከዚያ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጁ ላይ ወጡና በዚያ በተሰበረ ስም አለቀሱ። ያላዩአትን፣ ባሕር ማዶ ያለችን ሴት፣ «የልጅ ልጅሽን እኛ ጋ ትተሽ» እያሉ አለቀሱላት። ሰፈሩ ሰማ። በሰዓት ውስጥ ግቢው ሞላ።

የዕድሩ አባል ስላልነበረች ድንኳን አልተተከለም፤ ሁለት አግዳሚ ግን መጣ፤ ማን እንዳዘዘው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ንፍሮ መጣ፣ ቡና ተፈላ። ጎረቤቶች «ነፍስ ይማር» አሉ፤ የእኛዎቹም መጥተው «እግዚአብሔር ያጽናናሽ» ብለው ተቀመጡ፤ በአንድ አግዳሚ። ያ የጅግና ልጅ ከአባቱ ጋር መጣ፤ አባቱ በፌስታል ሩዝ ይዞ ነበር። ማንም ብዙ አልተናገረም። ሦስት ቀን እንዲሁ ሲመጡና ሲቀመጡ ሰነበቱ።

በአራተኛው ቀን እኔን ጠየቀችኝ። «በእኛ አገር ሰው ሲያዝን ብቻውን እንዲሆን እንተወዋለን፤ ይህን አክብሮት እንለዋለን። መጀመሪያ ቀን ሁሉም እንዲወጣልኝ ፈልጌ ነበር። አሁን ነገ ባይመጡ ምን እንደምሆን አላውቅም። ይሄ ምን ይባላል?» አለችኝ። «ለቅሶ መድረስ» አልኳት። ጻፈችው። «መድረስ» ማለት ቦታ መድረስ ነው፣ ደግሞም ለሰው መድረስ ነው ብዬ አብራራሁላት። ከሰጠኋት የአማርኛ ትምህርት ሁሉ ይህን የምወደው እኔው ራሴ ነኝ።

እሷ ለብቻዋ የመጣች አልነበረችም። የመጀመሪያዎቹ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ኢትዮጵያ የገቡት በ1962 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ከ270 በላይ ነበሩ፣ አብዛኞቹም መምህራን። በኋላ የአሜሪካ ሴናተር የሆነው ፖል ጾንጋስ ወሊሶ አስተምሯል፤ የኮንግረስ አባል የሆነው ጆን ጋራሜንዲ መቱ ነበር። በ1977 እ.ኤ.አ. ወጡ፣ በ1995 ተመለሱ፣ በ1999 በጦርነቱ ምክንያት ወጡ፣ በ2007 እንደገና መጡ፣ በ2020 ኮሮና ሲገባ ከዓለም ሁሉ ተጠርተው ሄዱ። ከእነሱ ጋርና ከእነሱም በፊት ከህንዱ የኬረላ ግዛት የመጡ መምህራን በየሁለተኛ ደረጃው ነበሩ፤ አባቶቻችሁን ጠይቁ፣ የሒሳብ መምህራቸውን አነጋገር እያስመሰሉ ያሳዩአችኋል።

አሁን በእኛ አካባቢ እንግዳ መምህር የለም። ባለፉት ዓመታት በክልላችን የስንቱ ትምህርት ቤት በር ተዘግቶ እንደ ከረመ እናንተ ታውቁታላችሁ። በአገር አቀፉ የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጣው በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበር። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። ስንቱ ልጅ ትምህርቱን እያወቀ ጥያቄው ሳይገባው ወጥቷል እላለሁ፤ ይህ የእኔ ግምት ነው፣ ግን በየቀኑ የማየው ነገር ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሰላም በሆነ ጊዜ፣ በጸሎት ቤታችን ግቢ የእንግሊዝኛ ሰዓት አለን። የማንም ልጅ ይመጣል፤ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ አንጠይቅም፣ በዚያች ሰዓትም አንሰብክም። የሚያስተምሩት ከእናንተ መካከል ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲ ጥሪ የሚጠብቁ፣ ተመርቀው ሥራ የሌላቸው። ክፍያ የለም፤ ሻይ አለ። የመጀመሪያው አምስት ደቂቃ የልጆቹ ነው፤ እነሱ መምህሩን አንድ የማያውቀውን ነገር ያስተምሩታል። አንዱ የጥጃ አጠባብ፣ ሌላዋ የእንሶስላ አሠራር አስተምራለች። አሁን የሚያስፈልገን ጠመኔና ሁለት መምህር ነው።

ጎረቤቴ ዛሬ በአገሯ ከስደት ለመጡ ልጆች እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ባለፈው ወር መልእክት ላከችልኝ፦ አንድ የሐበሻ ልጅ ክፍሏ ገብቶ ሳምንት ሙሉ አልተናገረም፤ ሰሌዳው ላይ «ቆቅ» ብላ ጻፈችለት። ከመልእክቱ ጋር ልጁና እሷ ተራ በተራ ሲሉት የቀዱትን ድምፅ አያይዛለች። የልጁ ጥርት ያለ ነው። የእሷ ቀ አሁንም ትንሽ ይቀራታል።